በልተናል

እኔ ባደግኩበት ቤት ልጅ ሰው ቤት አይበላም። አባቴ ዘመድ ጥየቃ ይዞን ከመሄዱ በፊት በራፍ ላይ ደርድሮ ይፈትነን ነበር። «ብሉ ሲሏችሁ?» ይላል። «በልተናል» እንላለን። «አጥብቀው ሲለምኗችሁስ?» «ጠግበናል።» «ቢቆጧችሁስ?» «እሺ፣ ትንሽ ብቻ።» ከዚያ ሆዳችን እየጮኸ እንገባና የቀረበውን ገበታ በዓይናችን ብቻ በልተን እንመለሳለን። ደብረ ማርቆስ ላይ የጨዋ ልጅ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ይህ አስተዳደግ ጥሩ አይደለም የሚለኝ ሰው ቢመጣ ዛሬም እከራከረዋለሁ።

ወግ ደርሶኝ ስወልድ ይህንኑ ትምህርት ሳላጓድል ለልጆቼ አስተላለፍኩ። ልዑልቃል ሰባት ዓመቱ፣ ቤዚ አራት ዓመቷ ነበር። ቤዚ ስሟን በቅጡ መናገር ሳትችል «ጠግቤያለሁ» ማለት ትችል ነበር። እንግዳ ፊት እንዲህ ስትል ደረቴ ይነፋል።

ችግሩ የምንኖረው ጋምቤላ መሆኑ ነው። እዚያ የጎረቤታችን የአጅዋንግ ድስት ሲወርድ በግቢዋ የተገኘ ልጅ ሁሉ እጁን ታጥቦ ይቀመጣል፤ የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። የእርሷም ልጆች ምሳ ሰዓት ላይ እኛ ቤት ከተገኙ ሳይጠሩ ወደ ገበታው ይጠጋሉ። እኔ ፊት ለፊት ፈገግ እላለሁ፤ በሆዴ ግን እነዚህን ማን ቢያሳድጋቸው ነው እላለሁ። በመንደሩ ውስጥ አጥር ያለው ቤትም የእኔ ብቻ ነበር። በመጣሁ ዓመት በሸምበቆ አሳጠርኩት፤ የመንደሩ ልጆች ግን በወሩ ከአጅዋንግ ጋር በሚያዋስነን ማንጎ ዛፍ ሥር ሾልከው የሚያልፉበት ቀዳዳ አበጁበት።

ጊዜው ክልል ከሆንን ብዙም ያልቆየንበት ነው። ቢሮው ሁሉ አዲስ ነው፤ ወንበር ያልደረሰው ቢሮ እንኳ ታፔላ አለው። እኔ ትምህርት ቢሮ ባለሙያ ስሆን ሦስት ሆነን በአንድ ጠረጴዛ ነበር የምንሠራው። የአጅዋንግ ባል ኦቻንግ ደግሞ ታፔላ ጸሐፊ ነው። በዚያ ዓመት በከተማው ውስጥ እንደ እርሱ የሚፈለግ ሰው አልነበረም፤ ግቢው በቀለም ጣሳ ተሞልቷል፣ ኃላፊዎች በተራ እየመጡ ደጁን ይጠናሉ። አጅዋንግ ገበያ ዓሣ ትሸጣለች። ባልና ሚስቱ አኙዋክ ናቸው፤ አማርኛውን በገበያና በሥራ ነው የለመዱት።

በሽታዬ የጀመረው አንገቴ ላይ በወጣች ሎሚ በምታህል እብጠት ነው። ሎሚዋ ጓደኛ ስታፈራ አዲስ አበባ ተላክሁ። እዚያ አንድ ዶክተር የእጢ ካንሰር መሆኑን ነገረኝና ፊቴ ሲለዋወጥ አይቶ «ደግነቱ ይሄኛው መድኃኒት የሚሰማ ዓይነት ነው» አለኝ። ሕክምናው ኬሞቴራፒ ይባላል። በየወሩ እየተመላለስኩ በግሉኮስ መልክ በደም ሥሬ የሚንጠባጠብ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ በጠቅላላው ስድስት ዙር ነው። ዶክተሩ ሊያሰናብተኝ ሲል «ልጆች አሉህ?» አለኝ። ሁለት አልኩት። «እንግዲያው ብላ» አለ። «መድኃኒቱ የራሱን ሥራ ይሠራል። ያንተ ሥራ መብላት ነው።» እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

ባለቤቴ አበዛሽ ነርስ ናት። ኢታንግ ስለተመደበች ሰኞ ጠዋት በእርዳታ መኪና ትሄድና ዓርብ ወደ ማታ ትመለሳለች። እኔ አዲስ አበባ ስሄድ ፈቃድ ወስዳ ከልጆቹ ጋር ትሆናለች፤ እኔ ስመለስ ፈቃዷ ያልቃል። ስለዚህ አቅሜ ሙልጭ ብሎ በሚወጣበት ሳምንት ቤቱ በእኔ እጅ ይወድቃል። ሠራተኛችን አንዱ አዲስ ቢሮ ተላላኪ አድርጎ ሲቀጥራት ትታን ሄዳለች። ክልል መሆናችን ለሁሉም ሥራ ፈጥሯል።

ከመጀመሪያው ዙር ስመለስ በጋምቤላ ሙቀት ጋቢ ተከናንቤ ከአውሮፕላን ወረድኩ። ብርድ ብርድ ይለኛል። ሰው ሁሉ ሸሚዙን ከፍቶ በጋዜጣ ያራግባል፤ እኔ እስከ ጆሮዬ ተጠቅልያለሁ። ልዑልቃል የክፍል ጓደኞቹ እንዳያዩኝ ከአበዛሽ ቀሚስ ኋላ ተደበቀ። ሰኞ ጠዋት አበዛሽ ልትሄድ ስትል ልጆቹን ፊቷ አቁማ «አባታችሁን እንዳታስቸግሩ። አሞታል፣ ይተኛ» አለቻቸው። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። አበስላ የተወችልን ወጥ በሙቀቱ በሁለተኛው ቀን ተበላሸ።

እኔ ሽንኩርት ልጠብስ ሞከርኩ። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ አንጀቴ ወደ ላይ መጣ፤ ድስቱን ጥዬ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ከዚያ ወዲያ ምድጃውን ማየት አልቻልኩም። ልጆቹ በዳቦና በሻይ ዋሉ፣ በማንጎ አመሹ። የማንጎ ወቅት ስለነበር አፋቸው ዙሪያውን ቢጫ ሆኖ ነው የሚገቡት። ተኝቼ ሳለ ምሳ ሰዓት ላይ በአጥሩ ቀዳዳ ሲሾልኩ ይሰማኛል። አጅዋንግ በዚያ በኩል «ኑ፣ ብሉ» ስትልም ይሰማኛል። ተመስገን፣ ልጆቼ እዚያ ይበላሉ እልና ዓይኔን እከድናለሁ። ያስተማርኳቸውን ነገር እኔ ረስቼዋለሁ። እነርሱ ግን አልረሱም።

ስነቃ «ራባችሁ?» እላለሁ። «አልራበንም» ይላሉ። የጨዋ ልጆች ናቸው፤ እናታቸው አታስቸግሩ ብላለች።

ዓርብ አበዛሽ ገባች። ቤዚን አቅፋ ሳመቻትና ፊቷ ተለወጠ። ልጅቷን መልሳ አስቀመጠቻት፤ ከቦርሳዋም አንድ ቀጭን ጥብጣብ አወጣች። ይህ ጥብጣብ ኢታንግ ላይ ቀኑን ሙሉ የሕፃናት ክንድ እየለካች በምግብ እጥረት የተጎዳውን የምትለይበት ነው፤ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም አለው። ቀይ የሚያስፈራ ነው፣ ቢጫ የሚያሳስብ፣ አረንጓዴ ተመስገን የሚያሰኝ። በቤዚ ክንድ ላይ ጠቀለለችውና አየችው። ቢጫ ነው።

«የነርስ ልጅ» አለች አበዛሽ በቀስታ። «ዓሣና በቆሎ በሞላበት ከተማ።»

ቤዚን ከዚያ በፊት ወባ ይዟት ስለነበር ድሮም ቀጭን ነበረች ብዬ ልከራከር አሰብኩ፤ የአበዛሽን ዓይን ሳይ ተውኩት። እርሷ ወደ ልዑልቃል ዞራ «እማማ አጅዋንግ ብሉ አላለቻችሁም?» አለችው።

«ብላናለች።»

«ታዲያ?»

«በልተናል አልን። አባዬ ሰው ቤት አይበላም ብሏል። አንቺ ደግሞ አባታችሁን አታስቸግሩ ብለሻል።»

አበዛሽ እኔን አየችኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። «በደንብ አሳድገናቸዋል ማለት ነው» አልኩ። አልሳቀችም።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሐሳቧን ነገረችኝ። እህቷ ሩሐማ መቲ ናት፤ ባሏ ቡና አለው፣ ወተት አለ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። ሕክምናዬ እስኪያልቅ ልጆቹ እዚያ ይሁኑ። መቲ እዚሁ ክልላችን ውስጥ ነው፤ መንገዱ ግን ተራራውን ዞሮ ስለሚሄድ ከጋምቤላ ለሚነሣ ሰው አዲስ አበባ ይቀርበዋል። ልጆቼ መቲ ከሄዱ እስከ ስድስተኛው ዙር ድረስ አላያቸውም ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሣኝ የእነርሱ ጭቅጭቅ ነበር፤ መድኃኒቱማ የሚያውቀው ማስተኛት ብቻ ነው። «ከወሰድሽብኝ እኔ ምን አደርጋለሁ እዚህ?» አልኳት። ድምፄ ተሰበረና አፈርኩ።

አበዛሽ ጥብጣቡን በጣቷ ላይ ጠቀለለችው። ከዚያ «አንድ ዙር እሰጥሃለሁ» አለች። «የሚቀጥለው ክፉ ሳምንት አልፎ ዓርብ ስመጣ እለካታለሁ። አረንጓዴ ካልሆነች ሩሐማ መጥታ ትወስዳቸዋለች።» ጥብጣቡን እኔም እንድከታተል ግድግዳው ላይ ምስማር መትታ ሰቀለችው። ልዑልቃል ተኝቷል ብለን ነበር፤ ለካ ጆሮው አልተኛም።

ሰኞና ማክሰኞ ድፍረት ሳሰባስብ ዋልኩ። ረቡዕ ጋቢዬን ለብሼ፣ ልጆቼን በግራና በቀኝ ይዤ፣ በቀዳዳው ሳይሆን በዋናው በራችን ወጥቼ አጅዋንግ ግቢ ገባሁ። ግቢዋ እንደ ሁልጊዜው ተጠርጎ ሳር አይታይበትም። ድስቷ አሁን ወርዷል፤ በቆሎ ገንፎ አጠገቡ ተቀምጧል። ኦቻንግ ከማንጎው ሥር ተንበርክኮ የግብርና ቢሮን ታፔላ አረንጓዴ ይቀባል።

«አጅዋንግ፣ ልጆቼን አብዪልኝ ልልሽ ነው የመጣሁት» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «የአንተ ልጆች በልተዋል» አለች። «ሁልጊዜ በልተዋል። አራት ዓመት በልተዋል።»

እንደዚያ ያለ መልስ አልጠበቅኩም። አባቴ እንዴት በራፍ ላይ ይፈትነን እንደነበር፣ እኔም እንዴት እንዳስተማርኳቸው፣ ሳይበሉ በልተናል ማለት እኛ ዘንድ አክብሮት መሆኑን አስረዳኋት። ሳስረዳው ለራሴም ግራ እየገባኝ ሄደ። አጅዋንግ ማማሰያዋን ድስቱ ላይ አስቀመጠች።

«እኔ ምን አሰብኩ ታውቃለህ?» አለች። «ይሄ ሰው ደገኛ ነው፣ ምግባችንን ይጠላል አልኩ። ልጆቹን እንዳትበሉ አላቸው አልኩ። እኛ ጋ ምግብ እምቢ ያለ ሰው መርዝ ፈራ ማለት ነው። አራት ዓመት ሙሉ ልጆችህ መጡ፣ ከልጆቼ ጋር ተጫወቱ፣ ምግብ ሲመጣ ተነሡ። ልቤ አዘነ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አጥር አጠርክ። አጥር ያጠረ ሰው ይጠየቃል?»

 አራት ዓመት በአንድ አጥር ተለያይተን እኔ እርሷን ስርዓት የላትም ስል፣ እርሷ እኔን ጠላት ነው ስትል ኖረናል። ሁለታችንም በየቤታችን ጨዋ ነበርን። ብርድ ብርድ ሲለኝ የሰነበትኩት ሰውዬ በጋቢዬ ውስጥ ላብ አሰመጠኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። አጅዋንግ ይቅርታዬን በእጇ እንደ ዝንብ አባረረችውና ሁላችንንም አስቀመጠችን።

«አሁን አንተ ብላ» አለች። «እነሱ አንተን ነው የሚያዩት። አንተ ካልበላህ አይበሉም።»

ዓሣ ነበር። ከባሮ ጠዋት የወጣ፣ ለጤነኛ ሰው ምራቅ የሚያስውጥ። እኔ ግን ሽታውን ችዬ እንኳ አልቀመጥም። በችኮላ «ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው፤ ጾም ነው» አልኩ።

«ረቡዕ ዓሣዬን ማን ይጨርሳል?» አለች አጅዋንግ። «ዓርብስ? ደገኛ ነው። ረቡዕና ዓርብ ባይኖር እኔ ገበያ ምን ሥራ አለኝ?»

ኦቻንግ ከታፔላው ሳይዞር ትከሻው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። አጅዋንግ ዓይኗን ጨፍና በአኙዋክኛ ጸሎት ጀመረች። ረጅም ጸሎት ነበር፤ ከሁሉ የገባኝ ስሜ ብቻ ነው። ስሜን ግን ደጋግማ ጠራችው። ስለ እኔ እንዲህ ፈጣሪን የለመነ ሰው ያን ወር ሁሉ አልሰማሁም ነበር። አሜን ከተባለ በኋላ ልጆቼ እያዩኝ ገንፎውን ቆርሼ፣ ዓሣውን ጨምሬ ዋጥኩ።

«አባዬ፣ በልተናል አንልም?» አለኝ ልዑልቃል በሹክሹክታ።

«ከዛሬ ጀምሮ አንልም።»

«የማንም ሰው ቤት?»

«የማንም ሰው ቤት» አልኩ። እዚህ ላይ ተሳሳትኩ፤ በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ሁለቱም የበሉት አበላል የአራት ዓመቱን ጭምር ነበር። እኔ ቀስ ብዬ ተነሣሁና ከማንጎው ኋላ ሄጄ የዋጥኩትን ሁሉ መለስኩት። ቀና ስል ኦቻንግ በአረንጓዴ እጁ ውኃ ይዞልኝ ቆሟል። ብዙ አይናገርም። «ዛሬ ወጣ» አለኝ። «ሌላ ቀን ይቆያል።»

ከዚያች ረቡዕ ወዲህ ልጆቼን የሚይዛቸው ጠፋ። ልዑልቃል በትምህርት ቤት መንገድ ላይ ያለውን ቤት ሁሉ አወቀ። ቤዚ ጭስ ያየችበት ግቢ ሁሉ ትገባለች፤ ማታ ደግሞ በማን ቤት ምን እንደተሠራ ጨው መብዛቱን ጨምራ ትነግረኛለች። አንድ ቀን የቢሮ ኃላፊዬ ደረጃው ላይ አስቆመኝና «ልጅህ ትናንት ከእኛ ጋር ቁርስ በልታለች። እንቁላሉን ወደደችው። ነገም እመጣለሁ ብላለች» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባቴ ከመቃብሩ ተነሥቶ ይህን ቢሰማ ተመልሶ ይተኛ ነበር።

ሁለተኛውን ዙር ወስጄ ስመለስ ጸጉሬ አልቆ ነበር። አበዛሽ ደንግጣ ላለመታየት ብዙ ደከመች። ቤዚ ግን ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ዳሰሰችና ተመጥጦ ያለቀ የማንጎ ፍሬ እንደሚመስል ነገረችኝ። ልዑልቃልም ከዚህ ወዲያ አላፈረብኝም፤ ጓደኞቹን እየሰበሰበ ሊያስነካቸው ያመጣቸው ጀመር።

ክፉው ሳምንት ገባ። አጅዋንግ በቀዳዳው በኩል ምግብ መላክ ጀመረች። አንዳንዴ ራሷ በራፍ ላይ ቆማ «በሪሁን፣ በላህ?» ትላለች። እኔም ከአልጋዬ ሆኜ «በልቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። ሕጉን የሻርኩት ለልጆቼ ነው እንጂ ለራሴ አልሻርኩትም። ደግሞም ሰው አብስሎ እያመላለሰ የሚያበላው ሽማግሌ ገና አልሆንኩም። ሳህኑ ሲገባ ለሁለቱ እከፍልላቸዋለሁ፤ ጠግበው እንኳ ቢገቡ አልለቃቸውም። ዓይኔ ምስማሩ ላይ ያለው ጥብጣብ ላይ ነው። ቤዚ አረንጓዴ ትሁንልኝ እንጂ የእኔ ነገር ይደርሳል እላለሁ።

ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ አበዛሽ መጣች። ልጆቹን ሳመቻቸው፣ እጇን ታጠበች፣ ቀጥ ብላ ወደ ምስማሩ ሄደች። ጥብጣቡን ስታወርደው ጣቷ ላይ ተጣበቀ። ወደ በሩ ብርሃን ይዛው ወጣችና ገልብጣ አየችው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ነው። ቀይ የለም፤ ቢጫ የለም። የግብርና ቢሮ ታፔላ አረንጓዴ ነው።

«ማን ነው ይህን ያደረገው?»

ልዑልቃል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጆሮው ላይ አረንጓዴ ቀለም አለ።

«ቢጫ እንዳይወጣ ነው» አለ ለግድግዳው። «መቲ እንዳንሄድ።»

«ቀዩንም ቀባነው» አለች ቤዚ፣ ምስጋናው እንዳይቀርባት።

አበዛሽ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቀች ነው። ሎሚዋ አንገቴ ላይ ከወጣች ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም። እኔም ተከተልኳት፤ ሆዴን አመመኝ። ልጆቹ ሳቃችንን እንደ ምሕረት ቆጥረውት መዝለል ሲጀምሩ አበዛሽ ዓይኗን ጠረገችና ከቦርሳዋ ሌላ ጥብጣብ አወጣች። ነርስ አንድ ብቻ አትይዝም። የቤዚን ክንድ ለካች። የእውነት አረንጓዴ ነበር፤ ቢጫውን በደንብ አልፎታል። «የሞኝ ልጆች» አለች ልዑልቃልን ወደ ራሷ እየሳበች። «ቀለሙ ምን አስፈለጋችሁ?»

እኔ እፎይ ልል ስል ዓይኗ እኔ ላይ ዐረፈ። ተነሥታ መጣችና ጋቢዬን ገልጣ ክንዴን ጨበጠችው። ጣቶቿ ዞረው ተገናኙ።

«አንተስ? ዛሬ ምን በላህ?»

«በልቻለሁ።»

«ምን?»

 ልዑልቃል እግሩን አየ። ቤዚ ግን ሰው ቤት የተበላውን ያልተበላውን መዘገብ ሥራዋ ሆኗል። «አባዬ አልበላም» አለች። «ማማ አጅዋንግ የላከችውን ለእኛ ሰጠን። ትናንትም ሰጠን። በልቻለሁ ይላል ግን አይበላም።»

አበዛሽ ክንዴን አልለቀቀችም። አሁን በእውነት ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ዶክተሩ ምን ነበር ያለህ?» አለች። «እነዚህ ልጆች እዚህ እያሉ የሚመጣልህን ሁሉ ለእነርሱ ነው የምትሰጠው። መቲ ይሄዳሉ፣ በሪዬ። ለእነርሱ ብዬ አይደለም። ለአንተ ብዬ ነው።»

ይህን አልጠበቅኩትም። ቤዚ አረንጓዴ ሆና፣ የተባለው ሁሉ ተፈጽሞ፣ ልጆቼን የማጣው በራሴ ክንድ ሊሆን ነው።  ቤዚ የእናቷን ፊት አየች፣ የእኔን አየች፣ ከዚያ ወጥታ ሮጠች። በአጥሩ ቀዳዳ ስትሾልክ ሸምበቆው ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

ስትመለስ አጅዋንግ ከኋላዋ ነበረች። በቀዳዳው ለማለፍ አንድ ሁለት ሸምበቆ ሰብራለች፤ አልገረመኝም፤ ትልቅ ድስት ይዛ ነበር። ምንም ሳትለኝ ድስቱን መሐል አስቀመጠችው። ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ፤ አበዛሽም ተቀመጠች። ጸሎቱ አሁንም ረጅም ነበር፤ አሁንም ስሜ አለበት። ከአሜን በኋላ ማንም እጁን አልሰደደም።

«ብሉ እንጂ» አልኩ።

«በልተናል» አለ ልዑልቃል።

ከዚያች ረቡዕ ጀምሮ ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ዓይኑ ዓሣው ላይ ተተክሏል። «ብላ አንተ ልጅ፣ ይቀዘቅዛል» አልኩት።

«ጠግበናል» አለች ቤዚ። ምራቋን ስትውጥ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

ደሜ ፈላ። አራት ዓመት አስተምሬ፣ በስንት መከራ ያስረሳኋቸውን ነገር በዚህች ሰዓት ያመጡብኛል። «ብሉ አልኳችሁ» ብዬ ጮኽኩ።

ቤዚ አልደነገጠችም። «እሺ፣ ትንሽ ብቻ» አለች። «መጀመሪያ አንተ።»

ሁሉም እኔን እያዩ ነው። አበዛሽ አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች፤ አጅዋንግ እጇን አጣጥፋ እንደ ፈታኝ ትጠብቃለች። ልጆቼ ድስቱ ፊት ተርበው ተቀምጠዋል፤ እኔ ካልዋጥኩ አይውጡም። እንዳያስቸግሩኝ የተነገራቸው ልጆች ናቸው። በሕይወቴ እንደዚያ የተወደድኩበት ሰዓት አላስታውስም፤ እንደዚያም የተናደድኩበት።

ገንፎውን ቆረስኩ፤ ዓሣውን ጨመርኩ፤ ትንፋሼን ይዤ ዋጥኩ። ቤዚ አልተንቀሳቀሰችም። ሁለተኛ ዋጥኩ። ሦስተኛውን ስውጥ እጇን ሰደደች፣ ልዑልቃልም ተከተላት፤ ከዚያ በኋላ ድስቱ ዘንድ ለመድረስ መሻማት ነበረብኝ። አጅዋንግ ለኔ የሚበቃውን ለይታ በክዳኑ ላይ አስቀመጠችልኝና «ነገም እመጣለሁ» አለች። «በልቻለሁ ካልክ ቤዚን እጠይቃለሁ።»

አበዛሽ አዲሱን ጥብጣብ ወደ ቦርሳዋ መለሰች። የተቀባውን ምስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው፤ ስለ መቲም ዳግመኛ አላነሣችም። ልጆቹ በድስቱ ጠርዝ ላይ ሲጣሉ እኔ ወደ ማንጎው ለመሮጥ ተዘጋጅቼ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጠበቅኩ። አጅዋንግ በሰበረችው ሸምበቆ በኩል ኦቻንግ ብቅ ብሎ ውኃ ይዞ ቆመ። አላስፈለገም። ዓሣው ቆየ።